የተከደነው ብርጭቆ

ሰፈሩ ጋሽ ቀስታ ይለዋል። ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። አንዱን ጉንጭ ላጭቶ ወደ ሌላው እስኪሻገር የፊተኛው ይበቅላል እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አይቀየም። የቸኮለ ሰው ከመጣበት ራሱ ነው ወደ ታችኛው መንገድ፣ በማሽን ብቻ ወደሚሠሩት ጎረምሶች የሚልከው። "እዚያ ሂድ፣ እንደ በግ ሸልተው ይለቁሃል" ይለዋል። ቀስታው የስንፍና አይደለም። ምላጭ ሲይዝ ግራ መዳፉን ከሰውየው አገጭ ሥር ያደርግና ፊቱን ቀና ያደርጋል፣ ቆዳውን ይወጥራል፣ ትንፋሹ እስኪረጋ ይጠብቃል። በዚያ መዳፍ ላይ አገጩን ያሳረፈ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑን ይከድናል፤ እንቅልፍ ይዞት የሚሄድም አለ።

እሑድ እሑድ ሌላ ሥራ አለው። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ፣ የካቶሊክ ቁምስናው ቄስ ክዳን ያላት፣ ከኪስ ሰዓት የማትበልጥ ወርቃማ ዕቃ ይሰጡታል። ውስጧ ቅዱስ ቁርባን አለ። በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል፣ ከሸሚዙ ሥር ይከታታል፣ ከዚያ ከአልጋ ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን መምጣት ያልቻሉትን በየቤታቸው እየዞረ ያደርሳቸዋል። ይህን ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ዕቃዋን ይዞ በመንገድ ላይ አውርቶ አያውቅም። ሰላም ላለው ሁሉ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ያልፋል። ሰፈሩም ለምዶታል። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ብቻ፣ ከደጁ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ባለፈ ቁጥር አንድ ነገር ሳይል አይቀርም።

"ዛሬም ተሳፋሪ ይዘሃል?"

እሱ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

"ትርፍ እንዳትጭን ብቻ።"

ወገቧ ተሰብሮ የተኛችው አሮጊት ቤት ይገባል፤ ስኳር እግሩን የወሰደበት ግንበኛ ቤት ይገባል፤ ፎቅ ላይ የምትኖረው፣ ደረጃው የከበዳት ሴትዮ ቤት ይገባል። የመጨረሻው ቤት የራሱ ነው። እዚያ ሚስቱ አለች። በዚህ ዓመት ውስጥ ከሌሎቹ ቤቶች ሁሉ እግሩ የሚከብደው ወደዚህኛው ሲገባ ሆኗል።

ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች። የሰፈሩ ልጆች ግማሹ የእሷን ኮትና ሱሪ ለብሶ ነው ያደገው። ልጅ ያድጋል ብላ የሱሪውን ጠርዝ ሁልጊዜ ሰፋ አድርጋ ታጥፈው ነበርና፣ ዓመት አልፎ ሲያጥር እናትየዋ ቤቷ ተቀምጣ ስፌቱን ትፈታና ታስረዝመዋለች። እንዲህ ያለ ልብስ ሰፊ ሀብታም አይሆንም እያለ ባሏ ያሾፍባት ነበር። እሷ ደግሞ ጸጉር በራሱ ስለሚያድግ አንተ ምን አለብህ ትለዋለች። ምንም ነገር ብቻዋን በልታ አታውቅም። አንድ ዳቦ ከገዛች ግማሹ የእሱ ነው፤ እምቢ ካለ ቆርሳ እስከ አፉ ታደርሳለች፣ መንገድ ላይም ቢሆን፣ ሰው እያየም ቢሆን።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ትምህርተ ክርስቶስ ታስተምራለች። የመጀመሪያ ቁርባናቸውን የሚቀበሉትን ልጆች የምታዘጋጀው እሷ ነበረች፤ ልጆቹ እትዬ ይሏታል፣ እሱም እነሱን እየሰማ እትዬ ማለት ጀመረ፣ መጀመሪያ ለቀልድ፣ በኋላ ለምዶበት። የቁምስናው መነኮሳይያት፣ ሲስተሮቹ፣ የቁርባኑን ስስ ቂጣ በክብ መቁረጫ ከቆረጡ በኋላ የሚተርፈውን፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነውን ቅርፍራፊ በከረጢት ይሰጧታል። ገና ያልተባረከ፣ ተራ ቂጣ ነው። በዚያ ልጆቹን ታለማምዳለች።

"ይሄ ቂጣ ነው። እሑድ የምትቀበሉት ግን ጌታ ነው። ልዩነቱን ምላሳችሁ አይነግራችሁም፣ ስለዚህ በምላሳችሁ አትፈልጉት" ትላቸዋለች። ከዚያ በየተራ ታቆማቸዋለች። "እጅህን አጣምር። አፍህን ክፈት፤ እንደ ጥርስ ሐኪም ቤት አይደለም፣ እንደ ወፍ ጫጩት። አታኝክ። ጌታ መስቲካ አይደለም።"

ልጆቹ ይስቃሉ። እሷ አትስቅም፤ የምትስቀው ማታ ለባሏ ስታወራለት ነው።

መርሳቱ የመጣው በመርፌ በኩል ነው። አንድ ቀን የአንድ ተማሪ ኮት ሰፍታ አስረከበች፤ ልጁ ሲለብሰው እጁ አልወጣም። የእጅጌውን ጫፍ ዙሪያውን ሰፍታ ዘግታዋለች። ልጁ እጁን እጅጌው ውስጥ እንደያዘ ጓደኞቹን እያሳየ ሲሮጥ፣ ጸጉር አስተካካዩ ከሱቁ ሆኖ አየና እንደ ሌላው ሰው ሳቀ። በሁለተኛው ኮት ግን አልሳቀም። በኋላ ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለ፣ የሚድን እንዳልሆነም ሳይደብቅ ነገራቸው፣ ለእንቅልፏና ለመረበሿ የሚሆን ነጭ ዱቄት አዘዘላት። ዱቄቱ በብርጭቆ ውሃ ይበጠበጣል። ጸጉር አስተካካዩ ከቤት ሳይወጣ ይበጠብጠዋል፣ ዝንብ እንዳይገባበት የሻይ ሰሃን ይከድንበታል፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከልበ ኢየሱስ ሥዕል ሥር ያስቀምጠዋል። ሰዓቱ ሲደርስ ምራቱ ታጠጣታለች። ልጃቸው የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው በስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ ትንሽ ልጇን እያሳደገች ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ምራቲቱ ናት። የመጣችው ከሌላ እምነት ነው፤ የአማቶቿን ነገር ሁሉ አትጠይቅም፣ ታከብራለች።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም ያየው ደግሞ ሚስቱ ቁርባኑን በእጇ ተቀብላ፣ በመሐረብ ጠቅልላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ነው። "ለባለቤቴ ነው፣ ሥራ ላይ ነው ያለው" አለች። ባለቤቷ ከጎኗ ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቷ እያመጣ ይሰጣት ጀመር። አንዳንድ እሑድ ትቀበላለች። አንዳንድ እሑድ ከንፈሯን ትገጥማለች። አንድ እሑድ ተቀብላ ተፋችው፣ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ተንበርክኮ አነሣው፣ የወደቀበትን ቦታ በንጹሕ ውሃ አጠበው፣ እሷም ከወንበሯ ሆና "ምን ጠፋብህ? ሳንቲም ነው?" እያለች አብራው ወለሉን ትፈልግ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቄሱ ሱቁ መጡ። ወጣት ናቸው፤ እዚሁ ሰፈር ተወልደው እዚሁ ያደጉ። ጸጉር ሊቆረጡ መስሎት ጨርቁን አራገፈላቸው። ተቀመጡ፣ ጨርቁን አሰረላቸው፣ መቀሱንም አነሣ። እሳቸው ግን በመስታወቱ ውስጥ እሱን ነበር የሚያዩት።

"ጋሼ፣ የመጣሁት በእትዬ ጉዳይ ነው።"

"ገብቶኛል አባ።"

"መውደቁን ባይነግሩኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።"

"ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን ልናገር?"

"እሱስ ልክ ነው።" ቄሱ ጨርቁ ሥር እጃቸውን አነቃነቁ። "ሕጉ ጨካኝ አይደለም ጋሼ። ከተራ ምግብ የተለየ መሆኑን ካወቀች ይበቃል። ማስረዳት አይጠበቅባትም። ዝም ማለቷም፣ እጇን ማጣመሯም፣ አፏን መክፈቷም ምልክት ነው። ነገር ግን የምትተፋው ከሆነ..."

"ይሄን ያስተማረችው እኮ እሷ ናት።"

"ለእኔ ነው የሚነግሩኝ? የፊት ጥርሴ ወልቆ 'እትዬ፣ ብተፋውስ?' ያልኳት እኔ ነኝ።"

"ምን አለችዎት?"

"'ከተፋኸው እኔ አንሥቼ እበላዋለሁ፣ አንተ ደግሞ ስታፍር ትኖራለህ።'"

ሁለቱም ሳቁ።

"እስቲ ጥቂት እሑድ ይሞክሩ" አሉ ቄሱ። "እንዳያስገድዷት። ከአፏ ካወጣችው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይክተቱት፤ ሟሙቶ ሲያልቅ ውሃውን እግር በማይረግጠው አፈር ላይ ያፍስሱት። እንደዚያ ከሆነ ግን እናቆማለን። እኔ እየመጣሁ እባርካታለሁ።"

"እናቆማለን የሚለውን እኔ ነኝ የምነግራት ወይስ እርስዎ?"

ቄሱ ዓይናቸውን ከመስታወቱ መለሱ። እሱም ሥራውን ጀመረ፤ እንደ ወትሮው በቀስታ፣ ምናልባትም ከወትሮው ይልቅ በቀስታ።

ከሲስተሮቹ ዘንድ ሄዶ ቅርፍራፊ ለመነ። ከረጢቱን ሲቀበል ከረጢቱ ራሱ የድሮው መሰለው። ከዚያ በኋላ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀንስ ሚስቱን እጇን ይዞ ወደ ሱቁ ያመጣታል። ቤት ውስጥ ስትቅበጠበጥ ትውልና፣ እሱ ወንበር ላይ ሲያስቀምጣትና ነጩን ጨርቅ አንገቷ ላይ ሲያስር ግን ጸጥ ትላለች። ምናልባት ጨርቅ ነገር ስለሆነ ይሆናል፤ ጠርዙን በጣቶቿ እየዳሰሰች ስፌቱን ትመረምራለች። ቅርፍራፊውን ያነሣል፣ ከፊቷ ያደርገዋል፣ ግራ መዳፉን ከአገጯ ሥር ይይዛል፣ ይጠብቃል። እሷ ቅርፍራፊውን አይታ እሱን ታያለች። አንዳንዴ ተቀብላው ኪሷ ትከተዋለች። አንዳንዴ "ይሄ ክር የለውም" ትላለች።

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ራሱ ላይ አንድ ጸጉር ባይኖርም ሱቁ ውስጥ ያልዋለበት ቀን የለም። የመጀመሪያውን ቀን ከጥግ ሆኖ አይቶ አላስችል አለው።

"አፏን ለማስከፈት ነው ይሄ ሁሉ? እኔ የኔይቱን የሚያዘጋልኝ ባገኝ ኖሮ ጡረታዬን እሰጠው ነበር።"

"ዝም በል አንተ።"

"ዝም ብያለሁ።" ዝም ያለው ግን ለጥቂት ነው። "ታዲያ ብቻዋን ምን ታያለች? ተማሪ ሌላውን እያየ አይደል የሚማረው? ለእኔ ስጠኝና ትየኝ።"

"አንተ ከቆረብክ ስንት ዘመንህ?"

"ቂጣ ነው አላልክም እንዴ? ለቂጣም ንስሐ ይጠየቃል?"

ጸጉር አስተካካዩ አሰበ። ከዚያ ሾፌሩን ከሚስቱ አጠገብ ባለው ወንበር አስቀመጠው። ሾፌሩ መላጣውን ወደ ኋላ ደግፎ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፈተ። ቅርፍራፊው ምላሱ ላይ ሲያርፍለት ማኘክ ጀመረ።

"አታኝክ" አለች ሚስቱ።

ሁለቱም ዞሩ። ዓይኗ ሾፌሩ ላይ ነው፤ ቅንድቧ ተሰብስቧል።

"እጅህስ? እጅህን አጣምር። ጌታ መስቲካ አይደለም።"

ሾፌሩን በሕይወቱ ሙሉ ትራፊክ ፖሊስም እንዲህ አዝዞት አያውቅም። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ፣ አፉን ገጠመ፣ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። ፊቷን ስታዞርለት፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረግ አድርጎ "ይሄ ነገር ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳይጠራ ይመጣል፤ ወንበሩ ላይ ይወጣል፣ እጁን ያጣምራል፣ አፉን ይከፍታል፤ ቀልዱንም ትቷል።

ቀስ በቀስ የሆነ ነገር መጣ። አንድ ቀን እጇን አጣመረች። ሌላ ቀን አፏን ከፈተች፣ ቅርፍራፊውን ተቀበለች፣ ሳታኝክ ምላሷ ላይ ሟሟ። ጸጉር አስተካካዩ አፏን ከፍታ እንድታሳየው ለምኖ አየ፤ ምንም አልነበረም። በዚያ ምሽት ምራቱ ሾርባ ስታቀርብለት በፉጨት ዜማ እያወጣ አገኘችው።

"አባባ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?"

"ተማሪዬ አለፈች።"

እሑድ ምራቱ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች፣ ሻማ አበራች፣ ለአማቷ ሻሽ አሰረችላትና ሾርባውን ልታይ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እሱ ከሁሉም ቤት ጨርሶ ደረሰ። ዕቃዋን ከአንገቱ አውርዶ ከፈተ። የሚባለውን ጸሎት ቀስ ብሎ አለ፤ የእሷንም ክፍል እሱው አለላት። ከዚያ ቁርባኑን ከፍ አድርጎ "የክርስቶስ ሥጋ" አላት፣ ግራ መዳፉንም ከአገጯ ሥር አደረገ።

አየችው። እጇን አላጣመረችም፣ አፏን ግን ከፈተች። ምላሷ ላይ አኖረላት። ከንፈሯ ተገጠመ። ጸጉር አስተካካዩ አሜን ሊልላት አፉን ሲከፍት እሷ ደግሞ ጣቶቿን ወደ አፏ ሰደደች። አወጣችው። እርጥብ ሆኖ፣ ጠርዙ ታጥፎ፣ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ወደ እሱ አፍ አቀረበችው።

"እንካ፣ ብላ። ከጠዋት ጀምሮ አልበላህም።"

ፊቷ ላይ ያለው ያ የድሮው ፊት ነው፤ መንገድ ላይ ዳቦ ቆርሳ ስትሰጠው የነበረው። አፉን ቢከፍት ኖሮ ያበቃ ነበር። እሱ ግን የቄሱ ቃል ነበር ራሱ ውስጥ ያለው፤ ከአፏ ካወጣችው ውሃ፣ ብርጭቆ፣ አፈር። አፉን ገጥሞ ከጣቶቿ ላይ በጥንቃቄ ወሰደው። እሷም "እሺ፣ ስትራብ" ብላ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ቀሚሷን በውሃ እርጥብ አድርጎ ሲጠርግላት ዝም ብላ አየችው።

ብርጭቆ ፈለገ፣ ውሃ ቀዳ፣ ከተተው። ቁርባኑ ከላይ ተንሳፈፈ። ዝንብ እንዳይገባበት የሻይ ሰሃን ከደነበት፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከሥዕሉ ሥር አስቀመጠው። መድኃኒቷን ያን ዕለት ገና አልበጠበጠም ነበርና ቦታው ባዶ ነው፤ እጁም ሌላ ቦታ አያውቅማ። ከዚያ ባዶዋን ዕቃ ለመመለስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አልቸኮለም። ለቄሱ የሚነግራቸውን ነገር ማዘግየት ፈልጎ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸውና ቄሱ ሰርግ ላይ ነበሩ፤ ዕቃዋን ለሲስተሯ አስረክቦ ተመለሰ።

ሲመለስ ብርጭቆው ባዶ ነበር። ሰሃኑ ከጎኑ ነው፣ ሰሃኑ ላይ ማንኪያ አለ።

"ብርጭቆው..." አለ።

"መድኃኒቷን ነው? ሰጥቻታለሁ አባባ" አለች ምራቱ ከወጥ ቤት። "ዛሬስ እንዴት ነው ሳትታገል የጠጣችው። ጭልጥ። እኔን እስኪገርመኝ።"

"ውስጡ ምን ነበረ?"

"ምን ይኖራል?"

"ቁራጭ ነገር። ከላይ የሚንሳፈፍ።"

ምራቱ እጇን እየጠረገች ወጣች። "ዱቄቱ ይጓጉል የለ አንዳንዴ? እኔ እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም። ዓይኔ ልጄ ላይ ነበር፣ ደረጃው ላይ ሲዘል። በማንኪያ አማስዬ ነው የሰጠኋት።" ፊቱን አየች። "ምነው? መድኃኒቱ አልነበረም እንዴ?"

ጸጉር አስተካካዩ ማንኪያውን አነሣ። ንጹሕ ነበር። ለዚህች ልጅ ምን ብሎ ይነግራታል? አማቷን ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ስትሰደብ ውላ፣ አሁን ደግሞ ጌታን በማንኪያ አማሰልሽው ይበላት?

"መድኃኒት ነው ልጄ" አላት። የዋሸም አልመሰለው። ብርጭቆውንና ማንኪያውን በጥቂት ውሃ አለቅልቆ፣ ውሃውን በመስኮቱ ሥር ባለው የአበባ መትከያ አፈር ላይ አፈሰሰ። ሚስቱ ከወንበሯ ሆና እየተመለከተችው ነበር። ከንፈሯ ጥግ ላይ እርጥበት አለ። ጎንበስ ብሎ አያት፣ ረጅም ጊዜ፤ ምን እንደሚፈልግ ራሱም አላወቀም።

በማግስቱ ለቄሱ ነገራቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ከኋላኛው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

"ቅርጹን እንደያዘ ጠጥታው ከሆነ ተቀብላለች" አሉ ቄሱ። "ሟሙቶ አልቆ ከነበረ ውሃ ነው የጠጣችው።"

"የትኛው ነው?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"ተማርን ይላሉ እኮ፣ አባ። ያ ሁሉ ዓመት።"

"ተምሬያለሁ። ይሄን ግን አላውቀውም።" ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። "እግዚአብሔር ያውቃል ልልዎት እችላለሁ። እሱን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል።"

ፊት ለፊት፣ ከቅዱስ ቁርባኑ ማኖሪያ አጠገብ፣ ትንሿ ቀይ መብራት ትበራለች።

"ስታጎርሰኝ መቀበል ነበረብኝ" አለ ጸጉር አስተካካዩ። "እሷ ለእርስዎ እኔ እበላዋለሁ አላለችዎትም? እኔ ግን ብርጭቆ ፍለጋ ሄድኩ።"

"ብርጭቆውን ያልኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ነዎት፤ አዎ።" በቁጣ አላለውም። ቄሱም እንደዚያ አልሰሙትም። ከዚያ ግን፣ የተፈራው መጣ፣ እናቁም ጋሼ አሉት፣ ይብቃት፣ ይብቃዎትም፣ እኔ እየመጣሁ እባርካታለሁ አሉት፣ እሱም እሺ አባ አለ። ለእሷ የነገራት የለም። ቅርፍራፊው ያለበትን ከረጢት ለሲስተሮቹ መለሰ። ሾፌሩ በዚያ ሳምንት መጥቶ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ እጁን አጣመረ። "ውረድ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል" ሲለው ቀስ ብሎ ወረደና የጥግ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

በቀጣዩ እሑድ ቄሱ ለሚስቱ የሚሆነውን ሳይጨምሩ ዕቃዋን ሰጡት። አሮጊቷ፣ ግንበኛው፣ የፎቋ ሴትዮ፤ አለቀ። ዕቃዋን ከመመለሱ በፊት ግን፣ እግሩ ለምዶ ይሁን፣ ወደ ቤቱ ጎራ አለ። ሻማ አልበራም፤ እንዳታበሪ ብሎ ለምራቱ ነግሯት ነበር። ሚስቱ ሻሿን አስራ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብሎ ሲስማት የዕቃዋ ክር ከሸሚዙ ወጥቶ ከፊቷ ተንጠለጠለ።

ክሩን አየች። እጆቿን አነሣች፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደረቷ ላይ አጣመረች፣ ዓይኗን ከደነች፣ አፏን ከፈተች። እንደ ጥርስ ሐኪም ቤት አልነበረም።

"የለኝም" አላት። "እትዬ፣ የለኝም። ባዶ ነው።" ዕቃዋን ከፍቶ አሳያት። እሷ ዓይኗን አልገለጠችም፤ ምላሷ በጥቂቱ ወጣ ብሎ ትጠብቃለች።

"ቆዪ" አላት። "እንዲሁ ሁኚ። እመጣለሁ። ቆዪ።"

ጋሽ ቀስታ ሲሮጥ ሰፈሩ ያየው ያን ቀን ነው። ቆመው ያዩት አሉ። አንዲት ሴትዮ ቤቱ የተቃጠለ መስሏት ወደ ሰማይ ጭስ ፈለገች። ሾፌሩ ከአግዳሚው ብድግ አለ። "ምን ሆነ? ማን ሞተ?" እሱ እጁን ብቻ አወዛውዞ አለፈ። ቄሱን ያገኛቸው ወደ ሌላ ቁምስና ሊሄዱ አንድ እግራቸውን መኪናው ውስጥ አስገብተው ነው።

"አፏን ከፍታለች" አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ማን ብለው አልጠየቁም። ተመልሰው የቤተ ክርስቲያኑን በር ከፈቱ፣ ከመብራቷ ሥር ተንበርክከው ተነሡ፣ አንድ ቁርባን ዕቃዋ ውስጥ አኖሩለት። ክዳኑንም ገጠሙት።

"ልምጣ?"

"ሰው ሲበዛ ትፈራለች።"

"ይሂዱ በሉ። ጋሼ፣ እንዳይወድቁ።"

ሲመለስ መሮጥ አልቻለም፤ የያዘውን ይዞ መሮጥ አይሆንለትም። ግማሽ ሩጫ፣ ግማሽ እርምጃ። ሾፌሩ አሁንም ቆሞ ነበር።

"ተሳፋሪው ቸኩሏል?" አለው፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

ጸጉር አስተካካዩ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ቤት ሲገባ ሻማው በርቷል። ምራቱ ማንም ሳያዛት ነጩንም ጨርቅ አንጥፋለች፣ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ሚስቱ አፏን ገጥማ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። እጆቿ ግን ደረቷ ላይ እንደተጣመሩ ናቸው።

"ብዙ ጠበቀች አባባ" አለች ምራቱ። "አፏ ሲደክማት ነው የዘጋችው። አሁን ነው፣ አሁን።"

ዕቃዋን ከፈተ። ተንበረከከ፣ ወንበሯ ዝቅ ያለ ስለሆነ። "የክርስቶስ ሥጋ" አላት።

ዘወር ብላ አየችው። በትሕትና ፈገግ አለችለት፤ እንግዳ ደጅ ላይ ሲቆም ሰው ፈገግ እንደሚለው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለችው። "ባለቤቴ ቆዪ ብሎኛል። ሲመጣ ነው የምቀበለው።"

"እኔ ነኝ እትዬ።"

"ትንሽ ቀስ ይላል እንጂ አይቀርም" አለች፣ ወደ መስኮቱ እየተመለሰች። ከንፈሯን ገጠመች፣ እንደ ታዘዘ ልጅ።

እንዳያስገድዷት ብለውታል ቄሱ። ቢያስገድዳትስ እንዴት አድርጎ? ጠበቀ። ቁርባኑን መልሶ ዕቃዋ ውስጥ አኖረ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ በመዳፉ ደረቱ ላይ ያዘው። ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። እሷ የምታይበትን መንገድ እሱም ያይ ጀመር። ሰዎች ያልፋሉ፤ እሷ ወንድ ባለፈ ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ ከዚያ ትመልሳለች። ግራ እጁን ዘርግቶ አገጯን ደገፈላት፤ እምቢ አላለችም፣ ክብደቷን እንዳለ መዳፉ ላይ አሳረፈችው።

ሻማው እያጠረ ሄደ። ምራቱ ጥቂት ቆማ ቆይታ ተጠጋች።

"አባባ፣ ላጥፋው?"

"ተዪው" አላት። "ትንሽ እንጠብቀው።"